አልከፈትም ያለው በር፣ ዱቄት የለመነው ጉድጓድ

ይቺን ወግ ያቀበለችኝ እትዬ ደብሬ ናት፤ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው፣ የአንጓች አክስት። ለእትዬ ደብሬ ደግሞ ራሷ አንጓች በስልክ አወጋቻት። ስልኩ ሲቆራረጥ የጎደለውን እትዬ ደብሬ ሞላችው፣ እትዬ ደብሬ የዘለለችውን ደግሞ ጎረቤት ሞላው፤ ጎረቤት ሌላ ምን ይሠራል? ተረት ነው ያላችሁ በተረት ስሙት፣ ወሬ ነው ያላችሁ በወሬ።

አንጓች የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ንብ ሊያጠና የመጣ ጊንታራስ የሚባል የሊትዌኒያ ሰው አያትና ወደዳት፣ አገባት። ሴት ልጅ ወለደችለት፤ ሚግሌ አላት፣ በእነሱ ቋንቋ ጭጋግ ማለት ነው አሉ። ለልጅ ጭጋግ ብሎ ስም! ይሁን፣ ልጅቱ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሁለቱንም ይዞ አገሩ ገባ። ከተማ እንዳይመስላችሁ። ጫካ ዳር ያለ የእንጨት ቤት ነው፤ የጊንታራስ ቅድመ አያት በእጁ የሠራው። ጎረቤት የሚባለው ጮኸው የማይሰማበት ርቀት ላይ ነው። ቤቱ ያረጀ፣ በሩ ያረጀ፣ መጥረቢያው ያረጀ፣ ፈረሱ ሳይቀር ያረጀ። በዚያ ግቢ ከአንጓችና ከልጇ በቀር ለጋ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቋንቋውን? ቋንቋውንማ ከባሏ ተማረች። ከባል የተማሩት ቋንቋ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ግማሹ የአልጋ፣ ግማሹ የማጀት። "ዱኦክ" ይላታል፤ ስጭኝ ማለቱ ነው። "አቲዳሪክ" ይላታል፤ ክፈቺ ማለቱ ነው። እሷም መልሳ "ዱኦክ" ትለዋለች፣ "አቲዳሪክ" ትለዋለች። ለልጇም እንዲያው፣ ለድመቷም እንዲያው። ትእዛዙ ሁሉ በ"ክ" ያልቃል፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው፣ ክ! ክ! ክ! እሷም ወደደችው። አጭር ነው፣ አፍ ላይ አይከብድም።

አንድ ቀን የመንደሩ ሱቅ ገባችና ባለሱቋን "ዱኦክ ዱኦኖስ!" አለቻት። ዳቦ ስጭኝ ማለቷ ነው። ባለሱቋ የሸበተች ሴትዮ ናት። ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን አዞረች።

"እትዬ፣ እዚህ አገር ሰዉ ጠምዶኛል መሰለኝ" ብላ ለአክስቷ ደወለች።

"ምን አድርገሻቸው?"

"ምንም። ዳቦ ነው የጠየቅሁት።"

"ሰላምታ አጉድለሽ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ አፍሽ ይቸኩላል።"

"ኧረ እትዬ! ቋንቋውን እኮ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው!"

እንደ ውሃ! እንዲህ ናት አንጓች።

እንግዲህ ወሩ ጥር ነው፣ ሰዓቱ ቀትር። የዚያ አገር ቀትር ግን የኛን እንዳይመስላችሁ። ፀሐዩ ከደመናው ኋላ እንደታመመ ሰው ዓይን ገርጥቷል። በረዶው ላይ ሁሉ ነገር ያለ ጥላ ቆሟል፤ ዛፉ ጥላ የለው፣ አጥሩ ጥላ የለው። ነፋስ የሚባል የለም። ጊንታራስ እንጨት ሊያመጣ ጫካ ገብቷል፣ ሚግሌ አልጋ ላይ ተኝታለች። አንጓች የምድጃውን አመድ ልትደፋ ብቅ አለች። መጣሁ ብላ የምድጃውን አፍ ክፍት ትታዋለች። አመዱን ደፍታ ዘወር ስትል በሩ ተዘጋ። ነፋስ የለም ብያችኋለሁ። ቀስ ብሎ፣ አስቦበት፣ እንደ ሰው ተዘጋ። መቀርቀሪያውም ከውስጥ ቀጭ ብሎ ወደቀ።

የቤቱ መስኮት ትንሽ ነው፣ ብረትም አለው፤ ለማየት እንጂ ለመግባት አይሆንም። አንጓች በመስኮቱ አየች። ሚግሌ ነቅታለች። ከአልጋ ወርዳለች። በባዶ እግሯ ቆማ አፉን የከፈተውን ምድጃ ታያለች። ፍሙ ቀይ ነው፤ ልጅ ደግሞ ቀይ ነገር ትወዳለች። ከአልጋው እስከ ምድጃው ሰባት የልጅ እርምጃ ነው። አንጓች በዓይኗ ለካችው።

"ሚግሌ! ሚግሌ እናቴ፣ ተመለሽ!" ብላ ጮኸች። መስታወቱ ወፍራም ነው፣ ልጅቱ አልሰማችም።

ወደ በሩ ሮጠች። "አቲዳሪክ!" አለችው። ተከፈት!

በሩ ተንቋቋ። ከሳንቃው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"ኔ" አለ።

"ኔ" በእነሱ እምቢ ነው። አገሩ በገባች ሰሞን "ነይ" የተባለች እየመሰላት ስንቱ ጋ ተጠግታ ነበር! አሁን ግን አውቃዋለች፤ እምቢ ነው።

"ኔ" አለ በሩ ደግሞ፣ "መቼ ተዋወቅንና?"

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ክው ብላ ትቀር ነበር። የልጅ እናት ግን ለመፍራት ጊዜ የላትም፤ ፍርሃቱን ለኋላ ታቆየዋለች።

በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች።

መጥረቢያው ደጃፍ ካለው ግንድ ላይ ተሰክቷል። አንጓች ሮጠችለት።

"መጥረቢያ! በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ ወደ ምድጃው እየቀረበች ነው። ኪርስክ! ፍለጠው!"

እጀታውን ያዘችው። በዚያ ብርድ እጀታው ሞቅ አለ፤ አሁን ገና ሰው የለቀቀው ይመስላል። ዘወር ብላ አየች፣ ማንም የለም። ብትስበው፣ ብትስበው፣ አልነቀልም አለ።

"ኔ" አለ መጥረቢያው በብረት ድምፅ። "እኔና አንቺ አብረን አሳማ አላገድንም።"

"አሳማ? እኔ ነኝ አሳማ የማግደው? እኔ የክርስቲያን ልጅ! በማርያም፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ እንዲህ ልሰደብ?" ብላ ቱግ አለች። በአሳማው ተናደደችና የነገሩ ፍሬ አመለጣት።

መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች።

ከቤቱ ኋላ ሥጋ የሚታጠንባት ጎጆ አለች። እዚያ ውስጥ እሳት አይጠፋም፤ ይዳፈናል እንጂ። አንጓች በሯን በረገደችው።

"እሳት! መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ ወደ ምድጃው እየቀረበች ነው። ዴጊንክ! መጥረቢያውን አቃጥለው!"

እሳቱ ተኝቶ ነበር፤ ቀና አለ። ጢሱ ወደ ላይ አልወጣም። መሬት ለመሬት መጣ፣ እግሯን አንድ ጊዜ ዞረው፣ እንደ ውሻ አሸተታት፣ ተመለሰ።

"ኔ። የማን ልጅ ብትሆኚ ነው እንዲህ የምታንጓጥጪኝ?"

"የሙጬ ልጅ ነኝ!" አለችው ደረቷን ነፍታ። "የፍኖተ ሰላሙ ሙጬ! ብትጠይቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል!"

እሳቱ ሙጬን አላወቀም። ተመልሶ አመዱን ለበሰ።

እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች።

ከጣራው ጠርዝ ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ። ላዩ በረዶ ሠርቷል፣ ሥሩ ግን ውሃ ነው። አንጓች ጎንበስ አለችበት።

"ውሃ! እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ ወደ ምድጃው እየቀረበች ነው። ጌሲንክ! እሳቱን አጥፋው!"

ከበረዶው ሥር ፊት አየች። የራሷ ፊት ነው፤ ያው ጠይም፣ ያው ሹሩባ፣ ያው ግንባሯ ላይ ያለው ንቅሳት። እሷ አፏን ዘጋች፤ ያኛው ፊት አልዘጋም።

"ኔ" አለ የራሷ ከንፈር ከሥር። የጥርሷን ፍንጭት ሳይቀር እያሳየ "ኔ፣ ኔ" አላት።

አንጓች ስለዚህ ስለ ፊቱ ለአክስቷ ስታወራ ስልኩን ዘግታ እንደገና ነው የደወለችው፤ አልቻለችም። እትዬ ደብሬም እዚህ ስትደርስ ሦስት ጊዜ አማተበች።

ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች። አሁን ግማሹን አልፋለች።

ጋጣው ውስጥ ፈረሱ አለ። አንድ ዓይኑ ጥቁር፣ አንድ ዓይኑ እንደ ወተት ነጭ። ዕድሜውን ጊንታራስም በደንብ አያውቀውም፤ እኔ ስወለድ ነበረ ይላል እንጂ። ፈረስ ይህን ያህል ይኖራል? እኔ ምን አውቃለሁ።

"ፈረስ! ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ ወደ ምድጃው እየቀረበች ነው። ጌርክ! ውሃውን ጠጣው!"

ፈረሱ ድርቆሹን ማኘኩን አቆመ። በጥቁሩ ዓይኑ አላያትም። አንገቱን አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ በነጩ አያት።

"ኔ። ባልሽ እንኳ እንዲህ አይደፍረኝም።"

"ባሌን ደግሞ እንዳታነሣብኝ!" አለች። "ምን አድርጌህ ነው? ምን አድርጌያችሁ ነው? ልጄን ነው እኮ!"

ፈረሱ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቁሩን ነው የጨፈነው፤ ነጩ እንዳፈጠጠ ቀረ።

ፈረሱ ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች። ሁለት ቀራት።

ከግቢው መሐል ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ባልዲ የሚወርድበት ወፍራም ገመድ ተጠምጥሟል።

"ገመድ! ፈረሱ ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ ወደ ምድጃው እየቀረበች ነው። ሪሽክ! ፈረሱን እሰረው!"

እጇን ስትዘረጋ ገመዱ ሸሸ። ከተጠመጠመበት አንድ ዙር ተፈታ፣ "ኔ" አለ። ሌላ ዙር ተፈታ፣ "ኔ" አለ። እየተፈታ፣ እየተፈታ፣ ማንም ሳይነካው ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ ጭራው የጉድጓዱን ከንፈር ዳሰሰና ተከተለ። አንጓች ጆሮዋን አቀናች። ውሃ ሲነካ አልተሰማም። ምንም ሲነካ አልተሰማም።

ገመዱ ፈረሱን አላስርም አለ፣ ፈረሱ ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌም ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ቀረበች። አሁን አንድ ብቻ ቀራት። ከጉድጓዱ አፍ እስከ መስኮቱ ቅርብ ነው፤ የልጅቱ ፊት በፍሙ ቀልቶ ይታያል፣ እጇን ዘርግታለች።

አንጓች በሆዷ ተኝታ ጭንቅላቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች።

"ጉድጓድ! ገመዱ ፈረሱን አላስርም አለ፣ ፈረሱ ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አላቃጥልም አለ፣ መጥረቢያው በሩን አልፈልጥም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሚግሌ አንድ እርምጃ ብቻ ቀራት! ዱኦክ! ገመዱን ስጠኝ!"

ድምፅዋ ወረደ። ሲወርድ ቆየ። የገደል ማሚቶ የላኩትን ነው የሚመልሰው፤ "ዋ" ካሉት "ዋ" ይላል፣ ከራሱ አይጨምርም። ይሄኛው ግን ጨመረ። አጭር ልካ ረዥም መጣላት።

"ዱኦ… ኪ… ቴ" አለ ጉድጓዱ።

"ምን?"

"ዱኦ… ኪ… ቴ።"

"ዱቄት?" አለች አንጓች። "ዱቄት ነው የምትለኝ?"

ምን ያስቃል! በኛ አገር ምንጩም ቆሌ አለው፣ ጉድጓዱም ቆሌ አለው። ቆሌ ደግሞ የሚወደውን ይጠይቃል፤ አንዱ ቅቤ ይላል፣ አንዱ ጥቁር ዶሮ ካልሆነ ይላል። ይሄ ዱቄት አለ። ርካሽ ነው ብላ ተነሣች። ጋጣው ውስጥ ለፈረሱ የሚበጠበጥ የአጃ ዱቄት አለ። ሮጠች፣ በሁለት እጇ ዘገነች፣ ተመልሳ ሮጠች፣ ጉድጓዱ ውስጥ በተነችው።

ዱቄቱ አልቸኮለም። እንደ ጉም ሆኖ፣ እየተንሳፈፈ፣ ጨለማው ውስጥ ገባ። ጸጥ አለ። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ፈረሱም ትንፋሹን ያዘ።

ከዚያ ከታች፣ ከጥልቁ፣ "አቹ!" አለ።

አንጓችን አፏ ቀደማት። "ይማርዎ!" አለች።

አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ይማርህ አላለችም። ይማርሽ አላለችም። ያን የመሰለ ወፍራም፣ ያን የመሰለ የቆየ ድምፅ ሲያስነጥስ ምላሷ ሳታዘው አንቱ አለው። እንዲያ ነው ያደገችው። "አቹ" ደግሞ፣ አሁን ትዝ ሲላት፣ ማስነጠስ አይደለም። አመሰግናለሁ ነው በእነሱ አገር፤ ስለ ዱቄቱ አመስግኗት ነው። "ዱኦኪቴ"ስ? እሱም ዱቄት አይደለም! እሷ "ዱኦክ"፣ ስጠኝ፣ ብላ ወረወረችለት፤ እሱ "ዱኦኪቴ"፣ ይስጡኝ በይ እንጂ፣ ብሎ አርሞ መለሰላት። እኛ ከፊቱ "ይ" የምንለውን፣ ከጭራው "ዎ" የምንሰካበትን፣ እነሱ "ኪቴ" ነው የሚሰኩበት።

"ወይኔ አንጓች!" አለች። "አባቴን አንቱ እያልሁ ያደግሁት የሙጬ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ አዛውንት አንተ፣ አንተ ስለው ዋልሁ! አሳማ አላገድንም ያለኝ ለካ አብሮ አደግሽ አይደለሁም ማለቱ ነው!"

ከራሷ ላይ ሻሿን አወረደች፣ ትከሻዋን ሰበረች፣ በዚያ በረዶ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። ፕራሻው እባክዎ ነው፤ እሱንስ ሰምታው ነበር፣ ባሏ ግን ለእሷ ብሏት ስለማያውቅ የሷ ቃል አልነበረም። አሁን የሷ ሆነ።

"ፕራሻው" አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ "ፕራሻው፣ ዱኦኪቴ።" እባክዎ፣ ይስጡኝ።

ጉድጓዱ ገመዱን ተፋው።

ገመዱ ፈረሱን ልሰር ብሎ ተወረወረ። ፈረሱ ኧረ ልጠጣ ብሎ ወደ ውሃው ጋለበ። ውሃው ኧረ ላጥፋ ብሎ በረዶውን ሰብሮ ዘለለ። እሳቱ ኧረ ላቃጥል ብሎ ከጎጆዋ ተመዘዘ። መጥረቢያው ኧረ ልፍለጥ ብሎ ከግንዱ ተነቀለ፤ ተነቀለና ማንም ሳይዘው፣ በሰው ትከሻ ከፍታ፣ በባዶ አየር ላይ ሄደ። በሩ ፊት ደርሶ ቆመ። ወደኋላ ተለጠጠ፤ ቦታ እንደሚለካ ፈላጭ።

ያን ሁሉ ሁካታ ሚግሌ ሰማች። ምድጃውን ተወች። እጇን ሰብስባ ዘወር አለች፣ ትንንሽ እግሯን እየጎተተች ወደ በሩ መጣች።

"እማ?" አለች ከሳንቃው ኋላ። "እማ!"

አንጓች መጥረቢያውን አየች። ያቺ ድምፅ የመጣችው ከሳንቃው መሐል፣ ልክ መጥረቢያው ካነጣጠረበት ነው። ስትለምነው የዋለችው ነገር፣ ፍለጠው፣ ፍለጠው ያለችው፣ እነሆ ሊፈልጥ ነው።

"ተው!" ሊል ነበር አፏ። ዋጠችው። ባሏ ሁልጊዜ "ፓላውክ" ይላታል፤ ቆይ ማለቱ ነው። ይህን ቃል በ"ኪቴ" ብሎ ያስተማራት ማንም የለም። ራሷ ሰካችበት።

"ፓላውኪቴ!" አለች። "ፕራሻው፣ ፓላውኪቴ!" እባክዎ፣ ይቆዩ።

መጥረቢያው አየር ላይ ቆየ። ስለቱ ይንቀጠቀጣል። አልወረደም፣ አልወደቀም፤ ሰው ሲናገር አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደሚያዳምጥ ሽማግሌ ቆየ።

አንጓች በመጥረቢያው ሥር አለፈች፤ ስለቱ የጠጉሯን ጫፍ ነካው። በሩ ፊት እጅ ነሣች። ከንፈሯ በብርድ ደንዝዟል፣ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው።

"ፕራሻው። አቲዳሪኪቴ።" እባክዎ፣ ይከፈቱልኝ።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተነሣ። ሚግሌ አላነሣችውም፤ ሚግሌ ቁመቷ አይደርስበትም። በሩ ቀስ ብሎ፣ አስቦበት፣ ወደ ውስጥ ተከፈተ። ልጅቱ ደፉ ላይ ቆማለች፤ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ለእናቷ ይሁን ለሌላ አይታወቅም።

"ፕራሾም" አለ በሩ። ይግቡ ማለቱ ነው።

አንጓች ልጇን ዘግና አቅፋ ገባች። የምድጃውን አፍ በእግሯ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ ነው የተንቀጠቀጠችው፤ ያቆየችው ፍርሃት ሁሉ ያን ጊዜ መጣ።

ጉድጓዱ ሦስት ቀን ነጭ ውሃ ሰጠ፣ በአራተኛው ጠራ። ገመዱ ተበጠሰና በሌላ ተተካ። ፈረሱ በሚያዝያ ሞተ። የበርሜሉ ውሃ ተመልሶ በረዶ ሆነ። የጎጆዋ እሳት ያንኑ ቀን ጠፋ፤ ሥጋው ተበላሸ። መጥረቢያውን ጊንታራስ ከደጃፉ በረዶ ላይ ወድቆ አገኘው፣ አንሥቶ ሰቀለው። በሩ አልተቀየረም። ጊንታራስ ያን ዕለት ሲገባ "ዱኦክ" ብሎ ምሳ ጠየቀ፣ አላገኘም፤ አሁን "ዱኦኪቴ" ይላል። እትዬ ደብሬ ወጉን ለእኔ ከሰጠች በኋላ ለማንም አልደገመችውም። ሚግሌ አልተቃጠለችም፤ ዘንድሮ አራት ዓመቷ ነው። አንጓች እዚያው ቤት አለች።